ስሟ ደብተሩ ላይ አለ፤ እርሻውስ በማን እጅ ነው?

በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን የሴቶች ቀን በሚከበርበት ሰሞን፣ በደሴም ሆነ በወልድያ፣ በከሚሴም ሆነ በሰቆጣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ሕገ መንግሥቱ ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ብሏል፤ የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሏል፤ የመሬት ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ በ2011 ዓ.ም. ከአገሪቱ ሚኒስትሮች ግማሾቹ ሴቶች ሆነው ታይተዋል። ታዲያ ስለ እኩልነት ማውራቱ እስከ መቼ ነው? ይህን የሚጠይቅ ሁሉ በክፋት ተነሣሥቶ አይደለም። አብዛኛው ጠያቂ የተጻፈውን ሰምቶ፣ የተጻፈው ሁሉ ተፈጽሟል ብሎ ያመነ ሰው ነው።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ መሬት ነው። የወሎ ገጠር ሕዝብ ኑሮ በመሬት ላይ የቆመ ነውና የሴቶች መብት ከወረቀት ወደ ኑሮ ሲሻገር የት ላይ እንደሚሰናከል ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚያው ነው። ወቅታዊ ምክንያትም አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በሣጥን ተቆልፎ የኖረው ደብተር ገንዘብ ሊበደሩበት ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የማን ስም ተጽፏል ከሚለው ይልቅ የማን ቃል ይሰማል የሚለው ጥያቄ ክብደት ያገኛል።

ሕጉ እዚህ የደረሰው እንዴት ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር። ለጋብቻም ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ብሎ የተለያየ ዕድሜ አስቀምጦ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ከዚህ ርቆ ሄደ። በግሉ አርሶ መኖር የፈለገ ሰው ሁሉ የፆታ ልዩነት ሳይደረግበት መሬት እንዲያገኝ ደነገገ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይዝም ወሰነ። ድልድሉን ያካሄዱት ግን የገበሬ ማኅበራት ነበሩ፤ በማኅበሩ መዝገብ የሚሰፍረው ደግሞ አባወራው ነው። ባሏ የሞተባት ወይም ከትዳሯ የወጣች ሴት ቤቷን የምትመራ እማወራ ተብላ ልትመዘገብ ትችል ነበር። ባለትዳሯ ግን በባሏ ስም ተጠቅልላ ቀረች። አዋጁ ሴትና ወንድ አልለየም፤ መዝገቡ ለየ። አንዲት ሴት መሬት በራሷ ስም እንዲመዘገብላት ትዳሯ መፍረስ ወይም ባሏ መሞት ነበረበት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ይህን ክፍተት በስም ጠርቶ ሊደፍነው ሞከረ። ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው፣ በተለይም መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸውን ደነገገ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ተከተሉ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። የፌዴራሉ ሕግ በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተደርጎ እንደሚቆጠርም ተናገረ። የ1997ቱ የፌዴራል የመሬት አዋጅ ቁጥር 456 በበኩሉ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫው በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። በአማራ ክልል የሁለቱም ፎቶግራፍ ተጨመረበት። ወሎም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ገባ።

ደብተሩ የለወጠውና ያልለወጠው

ለውጡን ማሳነስ ስሕተት ነው። በወሎ ገጠር እንደ ብዙው የአገሪቱ ክፍል ሴት ልጅ ስታገባ ወደ ባሏ ቀዬ ትሄዳለች። ትዳር ሲፈርስ «ይህ መሬት የጋራችን ነው» ብትል ምስክር የሚሆኗት የባሏ ዘመዶችና ጎረቤቶች ናቸው። እነርሱ ነገ ከእርሱ ጋር አብረው የሚኖሩ፣ በአንድ ቅሬ (እድር) የሚቀባበሩ ሰዎች ስለሆኑ በእርሱ ላይ መመስከር ይከብዳቸዋል። ፎቶግራፏ ያለበት ደብተር ይህን የምስክር ጣጣ አቃለለላት። ዳኛ ፊት ስትቆም የምታስረዳው በሰው አፍ ሳይሆን በወረቀት ሆነ። ሚስቱን ለማባረር ያሰበ ባልም መሬቱ ለሁለት እንደሚከፈል ሲያውቅ ቆም ብሎ ያስባል።

ደብተሩ የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። የተዘጋጀው ለአንድ ባልና ለአንዲት ሚስት ነው። በወሎ ከአንድ በላይ ያገቡ ወንዶች አሉ፤ የቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላል፤ የሁለተኛዋ ሚስት ድካም ግን በዚያው መሬት ላይ የፈሰሰ ነው። ክልከላው ሁለተኛ ጋብቻን አላስቀረም፤ የሁለተኛዋን ሴት ማስረጃ ግን አሳጥቷታል።

ጦርነቱም ሌላ ችግር ጨምሯል። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ከወልድያ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሰፊው የወሎ ክፍል የጦርነት ቀጠና ነበር። የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች በዝተዋል። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ቢፈረምም በክልሉ ሌላ ግጭት ተተካ። ባሏ የሞተባት ሴት ይዞታውን ወደ ስሟ ለማዞር የሞት ማስረጃ፣ የወራሽነት ውሳኔ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ያስፈልጋታል። መንገድ ሲዘጋና ፍርድ ቤት ሥራ ሲያቆም ጉዳይዋ ይቆያል፤ በመሬት ነገር ደግሞ የቆየ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅመው በቦታው ላይ ያለውን ሰው ነው።

ሞፈርና በሬ

ደብተሩ በስሟ ብቻ የሆነ እማወራ እንውሰድ። የሚከራከራት ባል የለም፤ የወራሽነት ክርክርም የለባትም። በወረቀቱ ሙሉ ባለመብት ናት። ሆኖም በወሎ ልማድ ሴት በበሬ አታርስም። ትዘራለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ እህሉን ተሸክማ ታስገባለች፤ ሞፈር ግን አትጨብጥም። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም፤ የሚከለክል የሃይማኖት ቃልም ሲጠቀስ አይሰማም። በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ ሴቶች ሲያርሱ መታየታቸው የአቅም ጉዳይ አለመሆኑን በበቂ ያሳያል። ልማዱ ግን ከሕግ ይልቅ ይከበራል። በሬውም ቢሆን ለብቻዋ ቤት ለምትመራ ሴት የሚደረስበት አይደለም። ጥማድ በሬ መግዛት ትልቅ ወጪ ነው፤ የሚያሰማራና የሚጠብቅ ልጅም ይጠይቃል።

ስለዚህ መሬቷን በእኩል ትሰጣለች። «የእኩል» ማለት በሬና ጉልበት ያለው ሰው አርሶ ምርቱን ከባለመሬቷ ጋር ለሁለት የሚካፈልበት ውል ነው። ዘርና ማዳበሪያው ከማን እንደሚወጣ፣ ጭዱ የማን እንደሚሆን እንደ አካባቢውና እንደ ስምምነቱ ይለያያል። ከወዲሁ ግማሹ ምርት ሄዷል። የወሎ ይዞታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሔክታር በታች መሆኑ ሲታሰብ ለእርሷ የሚቀረው ግማሽ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሚመገቡት አይሆንም።

ከድርሻው ይልቅ የሚጎዳው ጊዜው ነው። የእኩል አራሹ መጀመሪያ የሚያርሰው የራሱን መሬት ነው፤ የእርሷ ተራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የወሎ ዝናብ ደግሞ ለዘገየ አይራራም። በደጋው በልግ ይመጣል ሲባል ይቀራል፤ በቆላው ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ይወጣል። በሳምንት የዘገየ ዘር አበባ ላይ ሳለ ዝናብ ሊቋረጥበት ይችላል። ስለዚህ የእርሷ ማሳ ከጎረቤቱ ያነሰ ምርት ሲሰጥ ምክንያቱን በአፈሩ ወይም በእርሷ ስንፍና ከመፈለግ በፊት መቼ ታረሰ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አራሹን ለምን አትቀይረውም? ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው፤ የሟች ባሏ ወንድም ወይም የአጎቷ ልጅ። እርሱን ትቶ ለባዕድ መስጠት የባልን ቤተሰብ እንደ መናቅ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ድንበር ሲገፋባት ወይም ከብት ሲገባባት ማን ይቆምላታል? ውሉ በቃል ነው፤ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ለማስመዝገብ መጠየቅ ደግሞ «አላመንሁህም» ብሎ በይፋ መናገር ነው። እየዋለ እያደረ የእኩል አራሹ መሬቱን እንደ ራሱ ይቆጥረዋል። በስሟ ያለ መሬት በሌላ ሰው ውሳኔ ይታረሳል፣ በሌላ ሰው ምርጫ ይዘራል።

በዚህ ጸሐፊ ግምት የእኩልነት ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘልለው ይህን ቦታ ነው። ስለ ደብተር ብዙ ተሰብስበናል፤ ስለ በሬ ግን ብዙም አልተነጋገርንም። ሴቶች በማኅበር ሆነው በሬ የሚገዙበት ብድር፣ የሚያርስላቸውን ወጣት በቀን ክፍያ የሚቀጥሩበት ገንዘብ፣ ለአነስተኛ ማሳ የሚሆን የእጅ ትራክተር፣ የእኩል ውልን ለማንም ሳያሳፍር በጽሑፍ የሚያስቀምጥ የቀበሌ አሠራር፤ እነዚህ ሥነ ሥርዓት አይደግሱም፣ ዜናም አይሆኑም። ገቢዋን የሚቀይሩት ግን እነርሱ ናቸው።

እኅትና ወንድም

የውርስ ሕጉ ወንድና ሴት ልጅን አይለይም። በተግባር ግን አባት ወንድ ልጁን ሲድር ከመሬቱ ቆርሶ ይሰጠዋል፤ ሴት ልጁን ሲድር ግን «የባሏ ቤት ይበቃታል» ይላል። አባት ሲሞት የሚወረስ ብዙ አይቀርም። የተከፋፈለው በሕይወት ሳለ ነው።

እኅት ለምን አትጠይቅም የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። ብዙ ሴቶች ድርሻቸውን ለወንድማቸው የሚተዉት መብታቸውን ስላላወቁ ብቻ አይደለም። ትዳር ቢፈርስ የምትመለሰው ወደ ወንድሟ ቤት ነው፤ ባሏ ቢበድላት ሽማግሌ የሚልክላትም እርሱ ነው። መሬቱን ተከራክራ ብትወስድ ይህን መጠጊያ ታጣለች። ስለዚህ ውሳኔዋ በሌላት ዋስትና ልክ የተመዘነ ነው። ትዳር ሲፈርስ የራሷን ድርሻ በእርግጥ የምታገኝ ከሆነ፣ ለወንድሟ የምትከፍለው ዋጋም ያንሳል። አንዱ መብት ሳይከበር ሲቀር ሌላውን እንዴት እንደሚጎትተው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የሽማግሌዎች ጉባኤ

ወሎ በሽምግልናው የታወቀ አገር ነው። አባጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ክርስቲያንና ሙስሊሙን አንድ ላይ አስቀምጠው የደም ነገር አብርደዋል፤ ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ስብሰባ ዱዓ ተደርጎ የታረቀ ቂም ቁጥር የለውም። ፍርድ ቤት ሩቅ ነው፣ ያስወጣል፣ ያመላልሳል፤ ሽምግልና ቅርብ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ይህን ሥርዓት «ኋላ ቀር» ብሎ ማጣጣል አገሩን አለማወቅ ነው።

የሽምግልና ግብ ግን ዕርቅ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ ነገ እንዳይጋደል ማድረግ። ከዚህ ግብ አንጻር የተበዳይዋ ድርሻ ሁለተኛ ነገር ይሆናል። በብዙ ቦታ ሴቲቱ ራሷ አትናገርም፤ አባቷ ወይም ወንድሟ ይናገርላታል። ተቀማጮቹ ሽማግሌዎች ወንዶች ናቸው፤ የሚታወቁትም በባሏ ቀዬ ነው። «ለልጆችሽ ስትይ ታረቂ» የሚለው ቃል እውነተኛ ርኅራኄ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን መሬቱን ሳትጠይቅ መመለሷ ነው።

ሁለት ዓይነት ጉዳዮችን መለየት ያስፈልጋል። ጠለፋ፣ አስገድዶ መድፈርና የልጅነት ጋብቻ ወንጀል ናቸው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመን ሰው ዕድሜዋ 13ና ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጠላፊው በኋላ ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም። እነዚህን በዕርቅ መዝጋት ተበዳይዋን ከሕግ ጥበቃ ማስወጣት ነው። የንብረት ክፍፍልን በተመለከተ ግን ሽምግልናውን ከመሻር ይልቅ ማሟላት የሚቻል ይመስላል፤ ሴቶች ሽማግሌዎች እንዲቀመጡ፣ ስምምነቱ የመሬቱንና የከብቱን ዝርዝር ይዞ እንዲጻፍ፣ ፍርድ ቤትም ከማጽደቁ በፊት ሴቲቱን ራሷን እንዲሰማ።

ተመሳሳይ ጥያቄ በሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት «አልፈልግም» ማለት ለአንዲት ሴት ምን ያህል ቀላል ነው? ፈቃዱ በእርግጥ የእርሷ መሆኑን ለብቻዋ ጠይቆ ማረጋገጥ የዳኛው ሥራ ነው።

ከመሬቱ ውጭ ያለው መንገድ

መሬት የማትጠብቅ ወጣት ሴት በወሎ ሁለት መንገድ ታያለች። አንዱ ኮምቦልቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌትን ይዞ መጣ፤ በዚህ ሥራ የሚቀጠሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገር የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈው ጥቂት ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱና ከአሜሪካ የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል መታገድ ተደራርበው መጡ።

ሁለተኛው ዐረብ አገር ነው። የወሎ ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ከፊሎቹ በሕጋዊ መንገድ፣ ከፊሎቹ በደላላ በጅቡቲና በየመን በኩል። ከ2006 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። በዚያ የሚሠራው የካፋላ ሥርዓት፣ ማለትም የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስር አሠራር፣ በደል ሲደርስባት መውጫውን ያጠብባታል።

ስለ ስደቱ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ተላከው ገንዘብ ግን ጥቂት። ልጅቱ የላከችው ብር የቤተሰቡን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ለወንድሟ ባጃጅ ይገዛል፣ በከተማ ቦታ ያስገዛል። ቦታው የሚመዘገበው እዚህ ባለው ሰው ስም ነው። ስትመለስ በላቧ የተሠራው ቤት የአባቷ ወይም የወንድሟ ሆኖ ይጠብቃታል፤ ያለ ውክልና፣ ያለ ደረሰኝ ምን ብላ ትከስሳለች? በ1967ቱ መዝገብ የሆነው በሌላ መልክ ተደገመ ማለት ነው። በስሟ የባንክ ሒሳብ መክፈትና ከመሄዷ በፊት ውክልናን በጽሑፍ መወሰን ይህን ጉዳት በብዙ ይቀንሰዋል።

የልጅነት ጋብቻም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ20 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 40 በመቶዎቹ 18 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተዋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቀበሌው ሲርቅ፣ ቤት ተከራይታ መማር ሲያስፈራ፣ ግጭት ትምህርት ሲዘጋ፣ ለወላጅ ጋብቻ እንደ ጥበቃ ይታየዋል። ሕጉን ማስፈራሪያ ብቻ ያደረገ ዘመቻ ይህን ስጋት አይነካውም።

«ባህላችን አይፈቅድም» እና ሌሎች ክርክሮች

እኩልነት ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው የሚሉ አሉ። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት የመሬት ይገባኛል በአባትም በእናትም ሐረግ ይቆጠር ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት ወሎን ለመግዛት ተፎካክረዋል፤ ከመቅደላ ያመለጠውን ምኒልክን ያሳለፈችው ወርቂት ናት፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያ ምክንያት መያዣ የነበረውን ልጇን ገድለዋል። (የወይዛዝርቱ ሥልጣን ለገበሬዋ ምንም አልጨመረላትም፤ ዛሬም የሚኒስትሮች ቁጥር ብቻውን የማይጨምርላት በዚሁ ምክንያት ነው።) በእስልምናም ቢሆን መህር፣ ማለትም ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ፣ የሚስቲቱ የግል ንብረት ነው፤ ሴት ልጅ በውርስ የወንዱን ግማሽ ታገኛለች። ለሴት ልጅ ምንም አለመስጠት እንግዲህ ከርስቱም ከሸሪዓውም የወጣ ልማድ ነው። በሸሪዓው ድርሻና በሕገ መንግሥቱ እኩልነት መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ክርክር ነው፤ ምንም የማይሰጠው ወንድም ግን በሁለቱም ሊከለል አይችልም።

«ድህነቱ የሁሉም ነው፤ መጀመሪያ እርሱ ይወገድ» የሚለው ክርክር የበለጠ ክብደት አለው። ጥማድ የማይሞላ መሬት ለወንዱም ለሴቷም አይበቃም። ይሁን እንጂ ድህነቱ ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም፤ በሬ የሌለው ወንድ ጉልበቱን በወንፈል ይለውጣል፣ በሬ የሌላት ሴት ግን ምርቷን ትከፍላለች። ቅደም ተከተል ለማበጀት የሚሞክር ክርክር ይህን ልዩነት ይዘልለዋል።

ብድሩ ሲመጣ

የመሬት የመጠቀም መብት ለዋስትና ሲቀርብ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። እማወራዋ በሬ መግዣ ወይም ዘር ማውጫ ልታገኝና ከእኩል ልትወጣ ትችላለች። በሌላ በኩል ባል ሚስቱ በቅጡ ሳታውቅ ሊበደር፣ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀርም መሬቱ ለተወሰነ ዘመን ከቤተሰቡ እጅ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱን የሚለያያቸው አበዳሪው ጠረጴዛ ላይ የሚሆነው ነው።

የሚስት ፊርማ በአውራ ጣት ተነክሮ የሚወሰድ ከሆነ፣ ያነበበላት ሰው ከሌለ፣ ባሏ አጠገቧ ቆሞ «እዚህ ላይ» ካላት፣ ስምምነት አለ ማለት ያስቸግራል። የብድር ተቋማት ሚስትን ለብቻ ጠርተው የብድሩን መጠን፣ ጊዜውንና ባይከፈል የሚሆነውን በቃል ማስረዳት ይችላሉ፤ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴም የተያዘውን ይዞታ በመዝገብ አስፍሮ ለሁለቱም ማሳወቅ ይችላል። አበዳሪዎች ይህ ሥራ ያጓትታል ብለው ይከራከሩ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ያጓትታል። ሳታውቅ የፈረመች ሚስት ፍርድ ቤት ስትሄድ የሚፈጀው ጊዜ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ እስከዚያው የበልጉም የመኸሩም እርሻ ያልፋታል።